ወረዳችን እንደገና ዕቃውን ጫነ

ማክሰኞ ጠዋት እማዬን ይዤ ወረዳ ሄድኩ። መታወቂያዋ ጊዜው አልፎበታል። አሻራ ስላለው ደግሞ እኔ ሄጄ ልጨርስላት አልችልም። ስንደርስ በር የለም፤ ግቢው በቆርቆሮ ታጥሯል። አንድ ጥበቃ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።

«ወረዳ ነው? ወረዳማ ተነሳ እኮ!»

«ወዴት?»

«እታች፣ ባንኩ ያለበት ሕንፃ ላይ ተከራይተዋል። አራተኛ ፎቅ።»

ተከራይተዋል! ይቺ ቃል ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣችም።

እኔ እንኳ ሳውቀው ይሄ ቢሮ ሲነሳ አራተኛው ነው። ልጅ ሆኜ «ቀበሌ» እያለ የነበረው በ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ የተወረሰ ቪላ ውስጥ ነበር። ሊቀመንበሩ ሳሎን ይቀመጣሉ። መዝገብ ቤቱ የቪላው መታጠቢያ ቤት ነው። የቤተሰብ ቅጻችን የሚቀመጠው ገንዳው ውስጥ ነበር። አልቀለድኩም። ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ ከገንዳው ፋይል ስታወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ያስቀኝ ነበር። አሁን ሳስበው ከዛሬ ነገ ይሻላል እየተባለ ሃምሳ ዓመት አለፈ።

ከዚያ በ1995 አዲስ አበባ ላይ ክፍለ ከተማ መጣ፤ አስር ሆኑ። በኋላ ደግሞ ቀበሌው ታጥፎ ወረዳ ሆነ (ሰው ግን ዛሬም «ቀበሌ ደርሼ ልምጣ» ነው የሚለው)። በ2013 ለሚ ኩራ ተጨምሮ አስራ አንድ ሆኑ። ይቀያየር፣ ከተማ ያድጋል፣ አልቃወምም። ግን መዋቅር በተነካ ቁጥር ታፔላ ይወርዳል፣ ማህተም ይቀየራል፣ ፋይል በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ አይሱዙ ላይ ይጫናል። አንድም ጊዜ «ይሄ ቢሮ ከሰላሳ ዓመት በኋላ ስንት ሰው ያስተናግዳል?» ብሎ የጠየቀ ያለ አይመስለኝም።

መንገድ ሊሰፋ ነው የተነሳው፣ ትሉኝ ይሆናል። ይስፋ! እኔም በእግረኛው መንገድ ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ። ግን የከተማውን ፕላን የሚያወጣው ያው መስተዳድሩ አይደለም እንዴ? የራሱ ቢሮ መስመሩ ላይ መውደቁን ከኛ ቀድሞ ያውቃል። እኛ ግለሰቦቹ ብንዘናጋ አንድ ነገር ነው።

ወደ እማዬ ልመለስ። ሕንፃው ጋ ደረስን። ምድር ላይ ባንክ፣ አንደኛ ላይ ቡቲክ፣ ሁለተኛ ላይ የጥርስ ክሊኒክ፣ ከዚያ ጂም። ሊፍቱ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ጊዜው ምን ያህል እንደሆነ ከዚያ ገምቱ። እማዬ 74 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ግድግዳ ይዛ ቆመች። ደረጃው ሥር ቡና የምታፈላው ልጅ ሮጣ የፕላስቲክ ወንበር አመጣችላት፤ እግዜር ይስጣት። አንድ ወጣት ደግሞ በክራንች ይወርዳል። ላብ በላብ ሆኗል። «ፎቶ ኮፒ ጎደለህ ተብዬ ነው» አለኝ። ፎቶ ኮፒው ምድር ነው ያለው። ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል።

በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ ይኑረው ብሎ ነበር። ይሄን አስፈጽሙ የተባለው መንግሥት ራሱ ነው አራተኛ ፎቅ የወጣው።

ሌላው የሚገርመኝ ደግሞ የኪራይ ነገር። አዋጅ 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል። እኔም ውሌን ወረዳ ወስጄ አስመዝግቤያለሁ። ከመዘገቡልኝ ወዲህ እኔ እዚያው ቤት ነኝ። የመዘገበኝ ቢሮ ግን ሁለቴ ቤት ቀይሯል።

«በጀት የለም» ይባላል። ኪራዩስ ከየት ነው የሚከፈለው? በገቡበት ሁሉ በችፕውድ ይከፋፍላሉ፣ ኮርኒስ ያሠራሉ፣ የኔትወርክ ገመድ ያስዘረጋሉ። ሲነሱ ችፕውዱ ለባለ ሕንፃው ይቀራል።

እኔ የመስታወት ሕንፃ ሥሩልን አላልኩም። ሰው የሚበዛበት አገልግሎት ምድር ላይ ይሁን። ስብሰባና ኃላፊ እላይ ይውጡ። ውሃ የማይገባበት መዝገብ ቤት ይኑር። ሕዝቡ ሲጨምር አንድ ፎቅ የሚጨመርበት መሠረት ከአሁኑ ይጣል። ከሁሉ በፊት መሬቱ ሳይሸነሸን ለወረዳ የሚሆን ቦታ ተከልሎ ይቀመጥ። ይሄ ሮኬት ማምጠቅ ነው? ፒያሳ ላይ ማዘጋጃ ቤቱን ቀና ብላችሁ እዩት። አርቱሮ ሜዜዲሚ የሚባል ጣሊያናዊ አርክቴክት ነድፎት በ1957 ተመረቀ። ንጉሥ ሄደ፣ ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ ሄደ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ግን ዛሬም ማዘጋጃ ቤት ነው። ታድሷል፣ ግን አልተሰደደም። ባለታክሲን «ማዘጋጃ» ብትሉት የት ብሎ አይጠይቃችሁም።

በመጨረሻ አራተኛ ፎቅ ደረስን። ሠራተኛዋ ጥሩ ልጅ ነች፣ እሷን አልወቅስም። የአሻራ መሣሪያውን ይዛ ልትወርድልን ፈልጋ ገመዱ አላስኬድ ብሏት ነበር። አሻራ ተነሳን። ፋይል ፍለጋ ሲገባ ግን ኮሪደሩ ላይ የተደረደሩትን ከረጢቶች አሳየችኝ። ወደ አርባ ይሆናሉ። «ሲጫን ተደባልቆብናል፤ የእናትህ ከነዚህ በአንዱ ውስጥ ነው» አለችኝ።

«መቼ እንምጣ?»

«ሐሙስ። ግን ደውላችሁ ኑ፤ የሕንፃው ባለቤት ኪራይ ሊጨምር ነው ይባላል።»

በሩ ላይ የተለጠፈውን ስልክ ገልብጬ ረቡዕ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ አንሺ የለም። በኋላ ቁጥሩን አየት ሳደርገው አወቅኩት፤ የፈረሰው ቢሮ የመስመር ስልክ ነው።