ይህ እግር ሱዳን አልሄደም

ባለፈው ሳምንት እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ፣ የጓደኛዬ እናት ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ጓደኛዬ ሪሞቱን ይዞ ኔትፍሊክስ ላይ ሲያገላብጥ አንድ ፊልም ላይ ቆመ። «ይኼን አይተኸዋል? የእኛ ታሪክ ነው» አለኝ። አይቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ነው። ሁለቴ አይቼ ሁለቴም ተናድጃለሁ። እናቱ ግን አላዩትም። ልጅ ሆነው በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ ሴት ናቸው። እኔም ስለ ፊልሙ ምንም ሳልናገር ዝም ብዬ አብሬያቸው ተቀመጥኩ።

ላላያችሁት በአጭሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤሉ የስለላ ድርጅት ሞሳድ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ ቀይ ባሕር ዳር፣ ዓሩስ የሚባል የመዝናኛ መንደር ይከራያል። ጣሊያኖች ሠርተው የተዉት ቦታ ነው። ሰላዮቹ ቀን ቀን ቱሪስት ያስተናግዳሉ፣ ዋና ያስተምራሉ። ሌሊት ደግሞ ቤተ እስራኤላውያንን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶችን፣ ከስደተኞች ካምፕ በጭነት መኪና እያወጡ ባሕር ዳር ያደርሳሉ፤ ከዚያ በጀልባ ወደ መርከብ። ይኼ ፈጠራ አይደለም፣ በእርግጥ ተደርጓል። እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተሻለ የፊልም ሐሳብ ቢፈለግም አይገኝም።

ዳይሬክተሩ ጊዲዮን ራፍ ነው። የሰላዮቹን አለቃ አሪን ሆኖ የሚሠራው «ካፒቴን አሜሪካ» ክሪስ ኤቫንስ ነው። እና ካፒቴን አሜሪካን አስገብተህ ታሪኩ የሌላ ሰው እንዲሆን መጠበቅ ከባድ ነው። ሸሚዙን ያወልቃል፣ ይዋኛል፣ ከአለቆቹ ጋር ይጨቃጨቃል፣ ከሱዳን ወታደሮች ጋር ድብብቆሽ ይጫወታል። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። ታዲያ የምንፈራው ለማን ነው? ለሰላዮቹ። ይያዙ ይሆን? ይነቃባቸው ይሆን? ልባችን እንዲመታ የተፈለገው እዚያ ላይ ነው።

እናትየው ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አላሉም። ቱሪስቶቹ መጥተው ጭፈራው ሲደራ ተነስተው ቡና ሊቆሉ ገቡ። ሲመለሱ ስደተኞቹ ተሰልፈው በእግር የሚሄዱበት ቦታ ደርሰን ነበር። «እስቲ መልሰው» አሉት ልጃቸውን። መለሰው። ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው አዩ። ፊት አልነበረም የሚያዩት። ወደ ታች ነው።

«ይኼ እግር ሱዳን አልሄደም» አሉ።

ስለዚህ ፊልም ብዙ ትችት አንብቤያለሁ። ነጭ አዳኝ፣ ጥቁር ተዳኝ የሚለውን ክርክር ሁሉም ያውቀዋል፤ እኔም እስማማለሁ። ግን እንደዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩን የነካው የለም። ፊልሙ አደጋውን ያስቀመጠው ባሕር ዳር ላይ ነው። ሰው የሞተው ግን ባሕር ዳር ላይ አይደለም። መንገድ ላይ ነው፣ ከመንገድም በላይ ካምፕ ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቅ ነው።

እስቲ መንገዱን እናስበው። ከጎንደር ዙሪያ፣ ከወልቃይት፣ ከትግራይ ተነስቶ ሱዳን ድንበር ድረስ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር። ቀን ጫካ ውስጥ ተደብቆ፣ ሌሊት ተጉዞ። የደርግ ወታደር ከያዘ እስር ነው። ሽፍታ ከያዘ ንብረት ነው፣ አንዳንዴም ነፍስ። መንገድ መሪው ራሱ ከሽፍታው ጋር የተስማማ ሊሆን ይችላል። ሽማግሌ በአህያ፣ ሕፃን በጀርባ። ሳምንታት የፈጀበት አለ፣ ከወር በላይ የፈጀበት አለ።

ከዚያ ካምፑ። ገዳሪፍ አካባቢ ኡም ራኩባ የሚባለውን ስም ረሆቮትም ሆነ ነታንያ ውስጥ አንድ አዛውንት ፊት አንሱትና ፊታቸውን እዩ። 1977 ዓ.ም. ነው፣ ያ የድርቁ ዘመን፣ እኛ «ሰባ ሰባት» ብቻ ብለን የምንጠራው። ከትግራይም ከወሎም ሕዝብ ወደ ሱዳን እየጎረፈ ነው። ውሃው ቆሻሻ ነው። ወባ፣ ኩፍኝ፣ ተቅማጥ። በዚህ ላይ ቤተ እስራኤሎቹ ማንነታቸውን መደበቅ አለባቸው፤ ሱዳን የዓረብ ሊግ አባል ናት፣ ያኔ ከእስራኤል ጋር ጠላት ነበረች። ስለዚህ ሰንበትን በግልጽ ማክበር የለም፣ ሬሳን እንደ ወግ መቅበር የለም። ጮሆ ማልቀስ እንኳ ያስጠረጥራል ብለው ሐዘናቸውን የዋጡ ቤተሰቦች ነበሩ። በመንገድና በካምፕ 4,000 ገደማ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ አላቸው።

አሁን ይኼንን ከሚዋኘው ሰውዬ ጋር አወዳድሩት።

መጠበቅ ለፊልም አይመችም ይባላል። ድርጊት የለውማ። ሰው ተቀምጦ ሲጠብቅ ምን ይቀረጻል? ይገባኛል። ግን እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነሳ ዋናው ነገር ያ የማይመቸው ክፍል ነው። እሱን ካወጣኸው የሚቀርህ ማሳደድና ማምለጥ ነው፤ እሱ ደግሞ በየፊልሙ ሞልቷል፣ ለዚያ ብሎ እኛ ድረስ መምጣት አያስፈልግም ነበር።

ሌላው የሚያበሽቀኝ ከበደ ነው። ከበደ ቢምሮ የሚባል ገጸ ባሕርይ አለ፣ በማይክል ኬ. ዊሊያምስ የተሠራ። ነፍሱን ይማር፣ ግሩም ተዋናይ ነበር፤ በተሰጠው ትንሽ ቦታም የሚችለውን አድርጓል። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ከኢትዮጵያውያኑ መካከል እኔ ስሙን የያዝኩት እሱን ብቻ ነው። የተቀዳው ከእውነተኛ ሰው፣ ከፈረደ አክሉም ነው። ፈረደ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ መንግሥት ሲፈልገው በእግሩ ሱዳን ገባ። ካርቱም ሆኖ ድረሱልኝ የሚል መልእክት ላከ። ሞሳድ ዳኒ ሊሞር የተባለ ሰው ልኮ ተገናኙ። ከዚያ ፈረደ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል መንገድ አለ እያለ ወሬውን ወደ አገር ቤት ሰደደ። ሰውም ተነሳ።

ልብ በሉ፣ መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ማን ነው? ሰላዩ አይደለም። መምህሩ ነው። አንድ ተፈላጊ ሰው ብቻውን፣ በማያውቀው አገር ተቀምጦ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ መልስ ይምጣ አይምጣ ሳያውቅ። ለእኔ ፊልሙ መጀመር የነበረበት እዚያ ላይ ነው። በፊልሙ ግን ከበደ የአሪ ረዳት ነው። ይመራል፣ ያስተረጉማል፣ ያመሰግናል።

«ያለ ታዋቂ ተዋናይ ገንዘብ አይገኝም» የሚሉኝ አሉ። ጓደኛዬም ያንኑ አለ። እሺ። እ.ኤ.አ. በ2005 ራዱ ሚሃይሊያኑ የሠራው «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» የሚባል ፊልም አለ። እሱም የሚጀምረው ሱዳን ካምፕ ነው። አንዲት ክርስቲያን እናት ልጇን ከረሃቡ ለማትረፍ ልጇ ከሞተባት ቤተ እስራኤላዊት ጋር ትልከዋለች። ልጁ የሞተውን ልጅ ስም ይዞ እስራኤል ይገባል። እዚያ መጀመሪያ ገላውን ሲያጥቡት ውሃው ወደ ቱቦው ሲወርድ አይቶ ይጮኻል፣ በእጁ ሊያስቆመው ይሞክራል። ይኸው ነው። ተኩስ የለም፣ ማሳደድ የለም። አንድ ሕፃን የሚፈስ ውሃ አያስችለውም። ካምፑን ከዚያች ትዕይንት በላይ ያሳየኝ የለም። ፊልሙ ፈረንሳይ ውስጥ በድርሰቱ የሴዛር ሽልማት ወስዷል። እንከን የለውም አልልም፣ መጨረሻው ላይ ይረዝማል። ግን የማን ታሪክ እንደሆነ አልጠፋበትም።

ከእኛ ወጥቼ አንድ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1972 የኡራጓይ የራግቢ ቡድን የጫነ አውሮፕላን አንዲስ ተራራ ላይ ወደቀ። ከ45 ሰው 16 ብቻ ከ72 ቀን በኋላ ተረፉ። ሆሊውድ በ1993 ሠራው፤ በእንግሊዝኛ፣ በአሜሪካ ተዋናዮች፣ የተረፉት ሰዎች ገድል አድርጎ። በ2023 ሁዋን አንቶኒዮ ባዮና እንደገና ሠራው፤ በስፓኒሽ፣ ብዙ ሰው በማያውቃቸው ልጆች። ታሪኩን የሚተርከው ከሞቱት አንዱ ነው። ሰው ሲሞት ስሙና ዕድሜው ስክሪኑ ላይ ይጻፋል። ያወጣው ማን ነው? ያው ኔትፍሊክስ። ስለዚህ ሰበቡ አይሠራም።

ደግሞ እናስታውስ፣ ኡም ራኩባ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2020 መጨረሻ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎች የሰፈሩት እዚያው ነው። አንድ ቀን የእነሱም ፊልም ይሠራ ይሆናል። ጀግናው የእርዳታ ድርጅት መኪና ነጂ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ፊልሙ አለቀ። አውሮፕላኑ ተነሳ፣ ሙዚቃው ጮኸ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። እናትየውን «እርስዎ ቢሆኑ ከየት ይጀምሩት ነበር?» አልኳቸው። ለቀልድ ያህል ነው የጠየቅኩት።

ትንሽ አሰቡ። «ከውሻው» አሉ።

ሌሊት ከቤት ሲወጡ ውሻቸው ተከተላቸው። ቢጮህ ሰፈሩ ይነቃል። አባታቸው ድንጋይ እየወረወሩ ይመልሱታል፣ ዞሮ ይመጣል። ይመልሱታል፣ ይመጣል። በመጨረሻ እናታቸው ከስንቁ ዳቦ ቆርሰው ጣሉለት። እሱን ሲበላ ጥለውት ሄዱ። ካምፕ ገብተው ረሃቡ ሲጸና ታናሽ ወንድማቸው ሌላ ምግብ አያነሳም ነበር። ያችን ለውሻው የተጣለች ቁራሽ ዳቦ እያነሳ ያለቅስ ነበር።

ጓደኛዬ ሪሞቱን እንደያዘ ቀረ። ታናሽ አጎት እንደነበረው ያን ቀን ነው የሰማው።