ይድረስ ለክቡር የአቴንዳንስ ወረቀት

ጉዳዩ፦ ፊርማ ስለሞላባቸው ባዶ ወንበሮች

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ተገንጥሎ የቀረው ገጽ 4ዎ ተገኘ ወይ?

ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት፣ የጦሳ ተራራ ጉሙን ሳያራግፍ፣ ደሴ ውስጥ ሦስት ሴክሽን የታጨቀበትን አዳራሽ ዞረው ሲመለሱ 170 ፊርማ ይዘው መጡ። ራስ ቢቆጠር 97 ነው። ይህንንስ ለምደነዋል። ዊዝድሮው (የማቋረጫ ቅጽ) ሞልቶ አገሩ የገባ ልጅ ፈርሟል፤ ይሁን። ኮምቦልቻ አድሮ ገና የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ የሚወጣው ልጅ ሁለት ጊዜ ፈርሟል፤ ሁለት ወዳጆች አሉትና አልተነጋገሩም። ከግርጌዎ ግን በእስክርቢቶ «171. ንጉሥ ሚካኤል» ተብሎ ተጽፎ፣ አምሮ ተፈርሞበታል። አገልጋይዎ አስተማሪም ንጉሥ የሚባል አዲስ ተማሪ የተጨመረ መስሎት ጮክ ብሎ ጠራ። ከኋላ «አቤት!» የሚል ወፍራም ድምፅ መጣ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የወሎው ንጉሥ ካረፉ መቶ ዓመት አልፏቸው፣ የገዛ አይጠየፍ አዳራሻቸው እዚያው ደሴ ቆሞ ሳለ የእኛን መምረጣቸው ክብር ነው። እርስዎም በክብር ወደ ቢሮ ሄዱ። እዚያ ማን ያነባል? «ሞልቷል አይደል?» ተባለ፤ ተበስተው ፋይል ውስጥ ገቡ። ንጉሡም አብረው ገቡ።

ለመሆኑ አዟዟርዎን ማን ነደፈልዎት? ስሙ በፊደል ተራ፣ ተማሪው በመጣበት ተራ። እያንዳንዱ ስሙን ፍለጋ ስድስት ገጽ ያገላብጣል፤ ለአንድ ሰው 10 ሰከንድ ቢፈጅ ለ170 ሰው ከ28 ደቂቃ በላይ ነው፤ ክፍለ ጊዜው 50 ደቂቃ። የፈረመው በኋላ በር ይወጣል፤ ያልፈረመው እርስዎን እንጂ ሰሌዳውን አያይም።

5 ማርክ መያዝዎንም ሰምተናል። እንኳን ደስ አለዎት።

አሁንስ «እርስዎ» ማለት ሰለቸኝ። ስማ አንተ ወረቀት! እነዚህ ልጆች ሌባ ሆነው አልመጡም። በመጀመሪያው ሳምንት እዚህ ግቢ የሚቆጠረው ምን እንደሆነ አዩ፤ የሚቆጠረው ፊርማ ነው። «ገባችሁ ወይ?» ተብሎ መልስ የተጠበቀበት ቀን የለም። ጥያቄ ያነሳ ልጅ ይሳቅበታል፤ ለጓደኛው የፈረመ ይመሰገናል። አራት ዓመት እንዲህ አሠልጥነን፣ ሥራ ላይ ሰዓት ፈርሞ ሲጠፋ «የዘንድሮ ትውልድ» እንላለን!

መቆጠሩ ግድ ከሆነ በየረድፉ አንድ ባዶ ወረቀት ይበቃል። ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ 12 ሰው 12 መስመር፤ ጫፍ ላይ ያለው ቆጥሮ ቁጥሩን ይጽፋል፤ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ከዚያም ይሻላል፦ ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀር አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ፣ መልሱ በሩብ ወረቀት ከመታወቂያ ቁጥር ጋር። ሁሉን ማረም አያስፈልግም፤ 20ውን በዘፈቀደ አንስቶ፣ የሳቱትን ነገር የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መክፈቻ ማድረግ ነው። አጭበርባሪ አይጠፋም፤ ግን ለጓደኛው ለመመለስ ቢያንስ ጥያቄውን ያነባል።

የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በትልቅ ክፍል ያስለመደውም መንገድ አለ። አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ ይቀርባል፤ ሁሉም ለብቻው አስቦ ይመልሳል። መመለሻ መሣሪያ ለሌለን የምርጫውን ቁጥር የምናሳይበት ጣት አለን፤ ጎረቤት እንዳይኮርጅ ደረት ላይ ይያዛል። ትክክለኛውን መልስ ያገኙት ከ30 በመቶ በታች ከሆኑ እንደገና ማስረዳት ነው፤ ከ70 በላይ ከሆኑ ወደሚቀጥለው ማለፍ። መሃል ላይ ከሆነ ግን ጎረቤት ለጎረቤት ሁለት ሦስት ደቂቃ ይከራከራል፣ እንደገና ይመልሳል። ወንበሩ የተቸነከረ ነው የሚል አይጠፋም፤ የፊተኛው ረድፍ አንገቱን ቢያዞር አራት አራት ሆኑ። ዝም ብሎ ያለፈው ልጅ እዚህ ጋ ስህተቱን በጓደኛው አፍ ይሰማል፤ ከአስተማሪ ሲሰማ ግን ያፍራል።

ማይክራፎኑን አልረሳሁትም፤ ባትሪ ሲገዛለት እጽፍለታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለፋይል
ለገጽ 4፣ ባሉበት
ለንጉሥ ሚካኤል (የ5 ማርካቸውን ውጤት እንዲያውቁት)