ቆሞ የሚያይም ተጫዋች ነው

የአክስቴ ልጅ ቀበሌ 14 ውስጥ ፕሌስቴሽን ቤት አለው። ቤት ስላችሁ ቤት እንዳይመስላችሁ። አንዲት ክፍል ናት። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ማሽን፣ አንድ አግዳሚ፣ አራት ጆይስቲክ። ከአራቱ አንዱ ወደ ግራ ብቻ ነው የሚሄደው፤ እሱ የሚሰጠው ለአዲስ ደንበኛ ነው።

ባለፈው መስከረም አዲሱ የኳስ ጌም ወጣና ልጁ እንቅልፍ አጣ። ጌሙ ፊፋ መባሉ ከቀረ ቆይቷል፤ በ2023 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጌሙን የሚሠራው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ከፊፋ ጋር ተለያየና ስሙን ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ አለው። ሰፈራችን ግን ፍቺውን አልተቀበለም፤ እስከዛሬ ፊፋ ነው። አዲሱን ለማስገባት ብር ሲያጥረው ከእናቱ ተበደረ። አክስቴ ጣና ዳር ዓሣ ጠብሰው ነው የሚያድሩት። ብሩን ከመቀነታቸው ፈትተው ሲሰጡት ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ውጤቱን ትነግረኛለህ።»

በሦስተኛው ቀን ስሄድ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «በመጀመሪያው ቀን ብቻ 140 ተጫዋቾች! በቀበሌው ታሪክ ታላቁ ምርቃት!» ይላል።

መቶ አርባ? ያቺ ክፍል እኮ አስር ሰው ከገባባት አስራ አንደኛው የሚተነፍሰው ተራ ጠብቆ ነው።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኔም ጎረጎርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። እሱ ቤት ሁለት ልጆች ይጫወታሉ፣ ተሸናፊ 10 ብር ይከፍላል፣ አሸናፊ ከወንበሩ ሳይነሳ ቀጣዩን ይጠብቃል። የዚያን ቀን የተጫወቱት 35 ጌም ነው። 35 ጌም ሲባዛ በሁለት፣ 70 ተጫዋች። ከእነዚህ ውስጥ አንድ የማይሸነፍ ጉደኛ ልጅ አለ፤ እሱ ብቻውን 19 ጊዜ ተቆጥሯል፣ አንድም ጊዜ አልከፈለም።

«እሺ፣ 70 ሆነ። ሌላውስ?»

«ቆመው የሚያዩት።»

«እነሱ መች ተጫወቱ?»

«እንዴ! ‹ስጠው፣ ስጠው፣ በቀኝ በኩል ስጠው!› እያሉ ሲጮኹ አልሰማህም? ከተጫዋቹ በላይ የሚደክሙት እነሱ ናቸው።»

በገንዘብ ሲመነዘር 140 ተጫዋች ማለት 350 ብር ነው። ይሄ ግን ወረቀቱ ላይ የለም።

ልስቅበት ብዬ ተውኩት። ምክንያቱም ይሄ ልጅ ሳያውቀው የደረሰበት ነገር ትልልቆቹ የጌም አሳታሚዎች በየዓመቱ የሚያደርጉት ነው። ድሮ «ይህን ያህል ቅጂ ሸጥን» ነበር የሚሉት። አሁን አሁን መግለጫው ሲወጣ ልብ ብላችሁ እዩት፤ «ይህን ያህል ተጫዋች አገኘን» ነው የሚለው። ስታርፊልድ የሚባለው ጌም በመስከረም 2023 ወጥቶ ወሩ ሳይሞላ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተጫዋች አገኘ ተባለ። እውነት ነው፣ ማንም አልዋሸም። ግን ጌሙ ማይክሮሶፍት በወር ክፍያ በሚያከራየው ጌም ፓስ ውስጥም ነበር። በወር ክፍያው ከፍቶ፣ አስር ደቂቃ ቃኝቶ፣ «አልተመቸኝም» ብሎ የወጣውም ተጫዋች ነው፣ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የገዛውም ተጫዋች ነው። አሳሲንስ ክሪድ ሻዶውስም በመጋቢት 2025 ሲወጣ አሳታሚው ዩቢሶፍት ያበሰረው የተጫዋች ቁጥር ነው፤ ስንት ተሸጠ የሚለውን ፈልጉ።

ማይክሮሶፍት ራሱ ከዚያ በፊት፣ በ2015፣ ስንት ኤክስቦክስ ማሽን እንደሸጠ መናገር ተወ። በምትኩ በወር ስንት ሰው እንደሚጠቀም እነግራችኋለሁ አለ። በጊዜው የፕሌስቴሽን ባለቤት ሶኒ በማሽን ሽያጭ ጥሎት ሄዶ ነበር። ተማሪ ሆነን ሒሳብ ሲበላሽብን ለአባታችን ስለ ስፖርት ውጤታችን የምናወራው ዓይነት ነገር ነው።

እሁድ አክስቴ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ። ከጊዮርጊስ በቀጥታ ወደ ፕሌስቴሽን ቤት። ልጆቹ ተነስተው አግዳሚውን ለቀቁላቸው። ወረቀቱን አነበብኩላቸው።

«መቶ አርባ ሰው ገዛ?» አሉ።

«አይ እማዬ፣ መግዛት አይደለም። ተሳትፎ ነው» አለ ልጃቸው።

አክስቴ ዝም ብለው አዩት። 30 ዓመት ዓሣ ለሸጠ ሰው ስለ ሽያጭ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው። ቀጥሎ የማይሸነፈውን ልጅ በአገጫቸው አመለከቱ። «ይሄ ልጅ ሐሙስ ጠዋት በዚህ ሳልፍ እዚችው ነበር፤ ማታ ስመለስም እዚችው ነው። እሱን ስንቴ ቆጠርከው?»

ያጎቴ ልጅ ይሸፍንልኛል ብሎ ይሆናል፣ ወደኔ ዞሮ አየኝ። እኔም ትልልቆቹም እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ ልረዳው ገባሁ። ባልገባ ይሻል ነበር።

መጀመሪያ የነገርኳቸው የአታሪን ታሪክ ነው። በ1982 አታሪ የተባለው ኩባንያ ኢቲ የሚባለውን ፊልም ጌም አደረገው። ለገና ገበያ ለማድረስ በአምስት ሳምንት ገደማ አጣደፉት። ሚሊዮኖች ካርትሪጅ (ጌሙ ያለበት ካሴት) ታትሞ ወደ ሱቅ ተላከ። ወደ ሱቅ መላክና ለሰው መሸጥ ደግሞ ለየቅል ነው። ሱቁ ያልሸጠውን መልሶ ላከው። በ1983 በኒው ሜክሲኮ፣ አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ የቆሻሻ መጣያ ጉድጓድ ውስጥ ከሌሎች ጌሞች ጋር ቀበሩት። ብዙ ሰው ተረት ነው ሲል ኖሮ በ2014 ቆፍረው አወጡት።

አክስቴ እዚህ ላይ ነቃ አሉ። «ይሄማ የኔ ሥራ ነው። ጠዋት 20 ዓሣ ለምግብ ቤት አስረክባለሁ፣ ማታ 12ቱ ይመለሳል፣ ያውም ሸቶ። ያስረከብኩትን እንደሸጥኩት ብቆጥር ኖሮ ዛሬ ጎርጎራ የምትሄድ መርከብ ነበረችኝ። እኛም የሸተተውን እንቀብራለን ልጄ። መልሰን ግን አንቆፍርም።»

ቀጥዬ ስለ ቅድመ ሽያጭ ነገርኳቸው። ሳይበርፐንክ 2077 ታኅሣሥ 2020 ከመውጣቱ በፊት 8 ሚሊዮን ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ጠብቆታል። ሲወጣ በቆዩት ማሽኖች ላይ ስህተት በስህተት ሆነ፤ በሳምንቱ ሶኒ ከራሱ የኦንላይን ሱቅ አንስቶ ለገዢዎች ገንዘብ መመለስ ጀመረ።

«ቆይ፣ ቆይ። ዓሣው ገና ጣና ውስጥ እየዋኘ ሰው ይከፍላል?»

«አዎ።»

«ቆሮሶ ይሁን አምባዛ ሳያውቅ?»

«ሥዕሉን አይቶ ነው።»

«እሱን አስተምረኝ» አሉ። የምራቸውን ነበር።

ማስታወቂያውም ላይ ልጁ ከዓለም ወደኋላ አልቀረም። ኤፔክስ ሌጀንድስ በየካቲት 2019 በነጻ ሲለቀቅ፣ ኒንጃ የሚባለው ታዋቂ ተጫዋች እየተጫወተ እንዲያሳይ 1 ሚሊዮን ዶላር እንደተከፈለው ሮይተርስ ዘግቧል። ጌሙ በአንድ ሳምንት 25 ሚሊዮን ተጫዋች አገኘ። የኛው ደግሞ ለማይሸነፈው ልጅ በቀን አንድ ሳምቡሳና ሁለት ሻይ ይከፍላል። ልጁ በር ዳር ያለችው ቴሌቪዥን ላይ ይቀመጣል፤ አላፊ አግዳሚው ጩኸቱን ሰምቶ አንገቱን ያስገባል። ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። መናኸሪያ «ጎንደር! ጎንደር! አንድ ሰው የቀረው!» ሲባል ሮጣችሁ ገብታችሁ፣ ከተቀመጡት አምስቱ የረዳቱ ጓደኞች ሆነው ተራ በተራ ሲወርዱ አይታችሁ አታውቁም? እኔ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብዬ አውቃለሁ። አንዱ ሲወርድ እንደውም መልካም መንገድ ብሎኛል።

ከሁሉ የሚያስቀኝ የሪከርድ ነገር ነው። ሪከርድ የማይሰብር ጌም የለም። በዓለም ካልሰበረ በአህጉሩ፣ በአህጉሩ ካልሰበረ በድርጅቱ ታሪክ፣ እሱም ካልሆነ «በዚህ ዓይነት ጌሞች፣ በዚህ ማሽን፣ በዚህ ወር» ይባላል። ይሄን ስነግረው የአክስቴ ልጅ ዓይኑ በራ። አሁን እቅዱ ምን መሰላችሁ? የሚቀጥለውን «በጳጉሜን ወር ከፍተኛው» ሊለው ነው። አምስት ቀን ባላት ወር ማን ይወዳደረዋል?

ቁጥሩን መደበቅ የማይቻልበት ቦታም አለ። ስቲም የሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ በዚያች ደቂቃ ስንት ሰው እየተጫወተ እንደሆነ ለሁሉ ያሳያል። የሶኒ ኮንኮርድ ነሐሴ 2024 ሲወጣ እዚያ ላይ ያገኘው ከፍተኛ ቁጥር 697 ነው። የፕሌስቴሽኑ አይጨመርበትም፤ ቢሆንም 697 ሰው እኮ ደህና የባሕር ዳር ሰርግ ነው። በሁለት ሳምንቱ ዘግተው ለገዢዎች ገንዘቡን መለሱ። ሰርግም ቢሆን መልሱ ሳይጠራ የፈረሰ ነው።

አክስቴ ግን ልባቸው ሌላ ቦታ ነበር። «ለመሆኑ ዘይቱ ስንት ነው?»

«የምን ዘይት?»

«ጌሙን ለመጥበስ ስንት ይፈጃል?»

ይሄን ጥያቄ ባለአክሲዮኖችም የሚጠይቁት ነው። ቱምብ ሬይደር በ2013 በአራት ሳምንት 3.4 ሚሊዮን ተሸጦ አሳታሚው ስኩዌር ኤኒክስ ካሰብነው በታች ነው ብሎ ቅር ተሰኘ። ነገርኳቸው። አክስቴ ምንም አልገረማቸውም። «ዘይት ተወዶባቸው ነዋ» አሉ።

ልጁ በመጨረሻ የተሸነፈው ግን በእናቱ አይደለም፣ በኔ ነው። ኤሌክትሮኒክ አርትስ ያ የመጀመሪያው ኤፍሲ በአራት ሳምንት ከ14.5 ሚሊዮን በላይ ንቁ አካውንት አገኘ ብሎ እንደነበር ነገርኩት።

«አየሽ እማዬ! እኛም እዚያ ውስጥ አለን!»

«ሁለቱም ማሽን ላይ በጠቅላላ ስንት አካውንት አለህ?» አልኩት።

«አንድ።»

«ስለዚህ 140ዎቹ አንድ ሰው ናቸው።»

አሰበ። ቀጥሎ ፊቱ ጠቆረ። ለካ አካውንቱ የሚቆጠረው በኢንተርኔት ነው፤ ማሽኖቹ ደግሞ ኢንተርኔት ገብቶላቸው አያውቅም። ስለዚህ አንድም አይደሉም። የቀበሌ 14 ጎረምሳ በሙሉ፣ ያ 19 ጊዜ የተቆጠረው ጉደኛ ጭምር፣ እነሱ ዘንድ ዜሮ ነው። ቆሞ የሚያየውን የሚቆጥረው ዓለም ተቀምጦ የሚጫወተውን አላየውም። አክስቴ አዘኑለትና የብድሩን ቀን በአንድ ወር አራዘሙለት።

ያለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር እሳቸው ዘንድ ዓሣ እየበላሁ ስልካቸው ጮኸ። ልጃቸው ነው። ድምፁን ከፍ አድርገውት ስለነበር ሁሉን ሰማሁ።

«እማዬ፣ ገበያ እንዴት ዋለ?»

አክስቴ ዙሪያቸውን ቃኙ። ጣታቸው ላይ ሊጡ እንዳለ ነው።

«42 ተመጋቢ» አሉ።

«ውይ! ታዲያ ብሩን አምጪልኛ፣ አንድ ጆይስቲክ ልግዛ!»

«ብር መች አልኩህ? ተመጋቢ ነው ያልኩህ። 9 ሰው፣ 4 ድመት፣ የቀረው ፔሊካን ነው።» ትንሽ ዝም አሉና ወደ ውኃው አዩ። «አንዱ ፔሊካን ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነው። እሱን ስንቴ ልቁጠረው?»