ልጁ የማንን እጅ ይከተል?

ሰሞኑን አንድ አቀናባሪ በኤፍ ኤም ሬዲዮ ቀርቦ ለዛሬ ልጅ ድራም መማር ጊዜ ማባከን ነው ብሎናል። ኮምፒዩተሩ ሁሉን ይሠራል፤ አድማጩም ቢሆን ልዩነቱን አይለየውም ባይ ነው። የመጀመሪያውን እንለፈው። ዋን ማን ባንድ (አንድ ሰው በኪቦርድ ብቻ ባንዱን ሁሉ የሚተካበት አሠራር) ድራመሩን ከየሆቴሉ ካስወጣው ቆይቷል፤ ያ የኪስ ጉዳይ እንጂ የሙዚቃ ክርክር አይደለም። ሁለተኛው ግን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

አድማጩ ካልለየ፣ የቀረጻ ሶፍትዌሮቹ ውስጥ «ሂዩማናይዝ» የሚባለው ትእዛዝ ምን ይሠራል? ሥራው እኮ ማሽኑ ያስተካከለውን ምት መልሶ ትንሽ ማዛባት፣ ጉልበቱንም ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው። ሰውየውን አባርሮ ስሕተቱን በገንዘብ መግዛት ይሉሃል ይሄ ነው! ያም ሆኖ አይሳካም። ትእዛዙ የሚያዛባው በዘፈቀደ ነው፤ ድራመር ግን በዘፈቀደ አይዘገይም።

ቺክቺካን እንውሰድ። አንዱ ዋና ምት ለሦስት ይከፈላል፤ ረጅሟ ሁለቱን፣ አጭሯ አንዱን ትይዛለች። በደቂቃ 120 ዋና ምት ብንሄድ አንዱ ምት 500 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ማሽኑ አጭሯን 333ኛው ላይ ያስቀምጣታል፤ ከመግቢያው እስከ መጨረሻው ንቅንቅ የለም። ጥሩ ድራመር ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ወዲህ ወይም ወዲያ ያደርጋታል፣ የመረጠላትን ቦታ ግን አይለቅም። ቤዝ ጊታሩ የሚደገፈው እዚያ ላይ ነው፤ እስክስታ ወራጁም ትከሻውን የሚጥለው እዚያው ነው። ዘፋኙ ወደ አዝማቹ ሲመለስ ደግሞ ድራመሩ ሰምቶት ጠበቅ ያደርጋል። ማሽኑ ማንን ሰምቶ?

ልጅ የሚማረው ይህንን ነው፤ የሚማረውም ከሚወደው ባንድ ድራመር ነው። ዋልያስ ባንድ በ1977 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመውን የመሣሪያ ሙዚቃ አልበም የሰማ ጀማሪ ጆሮው ቀድሞ የሚሄደው ወደ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ነው። ይሂድ። ሁለተኛ ሲሰማ ግን ኦርጋኑን ትቶ ከኋላ የተቀመጠውን ድራመር፣ ተማረ ሐረጉን፣ ብቻ ይከተል፤ ባንዱን የተሸከመው ማን እንደሆነ ያኔ ይገባዋል።

ከዚያ ከወደደው ሥራ አንድ ቺክቺካ መርጦ ፍጥነቱን ወደ 70 በመቶ ያውርደው። ስቲክ ከማንሳቱ በፊት በአፉ ይበለው፤ አፉ ያልቻለውን እጁ አይችለውም። ቀጥሎ ቀኝ እጁን ብቻ፣ ከዚያ ኪኩን (በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ)፣ ግራ እጁን በመጨረሻ ይጨምር። እዚህ ላይ ብዙው ይሰናከላል፦ ሦስቱንም ክፍልፋይ እኩል ይመታና ቺክቺካው ዝግ ያለ ብሉዝ ሆኖ ያርፋል። ወይም ሃይ-ሃቱን (ጥንዶቹን የብረት ሳህኖች) እንደ ስኔር፣ እንደዚያ ደረቅ ድምፅ እንዳለው ከበሮ፣ ያከረዋል፤ ረጅሟና አጭሯ እኩል ሲጮኹ ውዝዋዜው ይጠፋል። ክሊኩንም (ምት የሚቆጥረውን የማሽን ድምፅ) በየክፍልፋዩ ባይከፍተው ይሻላል። በዋናው ምት ላይ ብቻ፣ እየለመደ ሲሄድ በየሁለት ምቱ ያድርገው። ክሊኩ በራቀ ቁጥር የሚሮጥ እጅ ይጋለጣል።

ድራም ውድ ነው የሚለው ሰበብም አይሠራም። ዴቭ ግሮል የሮክ ባንዱ ኒርቫና ድራመር ከመሆኑ በፊት የሌድ ዜፕሊኑን ድራመር ጆን ቦንሃምን እያደመጠ ክፍሉ ውስጥ የሚመታው ትራስ ነበር። ትራስ ስቲኩን መልሶ ስለማያነጥር ሥራው ሁሉ የእጅ አንጓ ይሆናል። አንጓው ይጠነክራል፤ እውነተኛ ስኔር ላይ ሲወጣ ግን ከልክ በላይ ስለሚመታ መለስተኛ ድምፅ መልመድ እንደገና ይጠብቀዋል። ለጎረቤት ሲባል በጆሮ ማዳመጫ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ድራምም ይሁን፣ አልቃወምም።

ሌጎስ ውስጥ የሬዲዮ ቴክኒሺያን የነበረው ቶኒ አለን ድራም የጀመረው በ18 ዓመቱ ነው። ከጃዝ ድራመሮቹ ከአርት ብሌኪና ከማክስ ሮች ሸክላዎች እየሰማ፣ ሃይ-ሃቱን እንዴት እንደሚጠቀሙበት እየመረመረ ተማረ፤ በኋላም የናይጄሪያዊው ሙዚቀኛ የፌላ ኩቲ ባንድ ምሰሶ ሆነ። ማሽን ሰምቶ ቶኒ አለንን የሆነ አንድ ሰው ጥሩልኝ።

ችግሩ የእኛ ልጅ መከተል ቢፈልግስ ማንን ብሎ ነው የሚፈልገው? አዳዲሶቹን ክሊፖች ክፈቱ፤ የካሜራ ባለሙያው፣ የመብራቱ፣ የሜካፕ ሠሪዋ ስም ከሥር ተደርድሯል። ይገባቸዋል። ድራም የመታው ግን ስም የለውም። ይጻፍ! የመታ ሰው ከሌለም «ድራም፦ ኮምፒዩተር» ተብሎ በግልጽ ይቀመጥ፤ አድማጩ ይለይ አይለይ ያኔ እንተያያለን።