ዮርዳኖስ ለእናቴ
አንድ ጽሑፍ ላይ «ዮርዳኖስ ዛሬ የደፈረሰ ትንሽ ወንዝ ነው፤ ምኑ ነው የተቀደሰው?» የሚለውን አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ለምጻሙ የሶርያ ጦር አለቃ ንዕማንም እኮ ያለው ይህንኑ ነው (2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5)። ነቢዩ ኤልሳዕ በዮርዳኖስ ታጠብ ቢለው፣ የደማስቆ ወንዞች ይሻላሉ ብሎ ተቆጥቶ ሄደ። አገልጋዮቹ ለምነው መለሱት። 7 ጊዜ ብቅ ጥልቅ አለ፤ ከለምጹም ነጻ። ጌታም የተጠመቀው እዚያው ውኃ ውስጥ ነው። ወንዙን ያከበረው ጥራቱ ሳይሆን የእሱ መውረድ ነው።

እዚህ ጅማ ጥር 11 ጠዋት ካህናቱ ውኃውን ባርከው ሲረጩ እናቴ ነጠላዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ፊቷን ትሰጣለች። ጠብታው ግንባሯ ላይ ሲያርፍ ዓይኗን ትጨፍናለች። «ዮርዳኖስ ደረስኩ» ትላለች። ኢየሩሳሌምን አይታ አታውቅም። ከዚያ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድታ ለታመመችው ጎረቤታችን ትወስድላታለች።