ድረ ገጹን ነገ ማን ይጠግነዋል?

"ፒኤችፒ ሞቷል" ማለት በወጣት ፕሮግራመሮች ዘንድ ፋሽን ከሆነ ሰነባብቷል። ሞተ የተባለው የድረ ገጽ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ግን ዛሬም ዊኪፒዲያን ያሠራል። ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚጠቀሙበት የድረ ገጽ መሥሪያ ዎርድፕሬስም የተጻፈው በእሱ ነው።

ስሙ የጠፋው በከንቱ አይደለም። የድሮው ኮድ ዝብርቅርቅ ያለ ነበር። የዳታቤዙ (የመረጃ ቋቱ) ጥያቄ፣ የገጹ ዲዛይን፣ የይለፍ ቃሉ ሳይቀር አንድ ፋይል ውስጥ ይታጨቃሉ። ሆኖም በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣው ፒኤችፒ 7 ፍጥነቱን እጥፍ ገደማ አሳደገው፤ ላራቬል የተባለው የፒኤችፒ ማዕቀፍ ደግሞ ኮዱን ሥርዓት አስያዘው። ወሬው ግን እዚያው የድሮው ላይ ቀረ።

አዲስ አበባ ውስጥ ላለ ሆቴል ወይም አስመጪ ድርጅት ድረ ገጽ የሚሠራ ልጅ ቋንቋ ሲመርጥ መጀመሪያ ሆስቲንጉን፣ ማለትም ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን የኪራይ ቦታ፣ ይይ። ርካሹ የጋራ ሆስቲንግ ፒኤችፒን ያለ ምንም ጣጣ ይቀበላል። ለኖድ (በጃቫስክሪፕት ለሚሠራው) ወይም ለጃንጎ (በፓይተን ቋንቋ ለሚሠራው) ግን ብዙውን ጊዜ የራስ ሰርቨር መከራየት ይመጣል፤ ከውጭ ከሆነ ደግሞ በዶላር። በየወሩ ዶላር ከየት ይመጣል? ደንበኛው ይህን የሚሰማው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሰው ነው። ፕሮግራመሩ ሥራ ይቀይራል፣ ውጭ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ስልክ ማንሳት ይተዋል። ያኔ ኮዱን ከፍቶ የሚረዳ ሌላ ባለሙያ በቀላሉ መገኘት አለበት፤ በፒኤችፒ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው ማግኘት ይቀላል።

ፒኤችፒ እኛን የሚያስቸግርበትም ቦታ አለ። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደላት ኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት (የማከማቻ መለኪያ) ይይዛል፤ የፒኤችፒ ተራው የርዝመት መቁጠሪያም የሚቆጥረው ባይት ነው። "ሰላም"ን ስጡት፣ 9 ይላችኋል። ፓይተን ግን ፊደሉን ቆጥሮ 3 ብሎ ይመልሳል። አንዳንድ የአማርኛ ዜና ገጾች ላይ ርዕሱ መሃል ላይ ተቆርጦ መጨረሻው የጥያቄ ምልክት የሚሆነው በዚሁ ጦስ ነው፤ መቁረጫው ባይት ሲቆጥር አንዱን ፊደል ከመሃል ይሰነጥቀዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስማቸው በ"ኤምቢ" (mb_) የሚጀምሩትን ፈንክሽኖች (ዝግጁ ትእዛዞች) መጠቀም ብቻ። ግን ማን ያስታውሳቸዋል!

የምትሠሩት የቀጥታ መልእክት መለዋወጫ ወይም የታክሲ መጥሪያ መተግበሪያ ከሆነ ግን ክርክር የለኝም። ሺህ ሰው በአንዴ መስመር ከፍቶ የሚጠብቅበት ሥራ ላይ ኖድን ያዙ። የሆቴሉን የምግብ ዝርዝር ለማሳየት ግን ያን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው?