መድኃኒቱ እርሳስ መያዣ ውስጥ ይደበቅ ነው የምትሉን?

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሰሞኑን ለወላጆች በቴሌግራም ማሳሰቢያ ልኳል። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ምንም ዓይነት መድኃኒት ግቢ አይገባም። ቀን ላይ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካለ ወላጁ መጥቶ ይስጠው፣ አለዚያ ቤቱ ይዋል። ቅሬታ ሲቀርብ ደግሞ ርእሰ መምህሩ የባሰ መለሱ፦ «እኛ ትምህርት ቤት እንጂ ሆስፒታል አይደለንም»።

ማን ሆስፒታል ሁኑ አለ? ቀዶ ጥገና የጠየቃችሁ የለም። የተጠየቀው ሐኪም ያዘዘውን ክኒን በሰዓቱ ሰጥቶ መፈረም ነው።

«ወላጅ መጥቶ ይስጥ» ያለው ሰው መቼም ታክሲ ተሰልፎ አያውቅም። መርካቶ የምትሠራ እናት በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ ያለበት አያት ሰፈር ደርሳ ትመለስ? በሳምንቱ ሥራ አይኖራትም።

ከሁሉም ያሳቀኝ ግን የፍሪጁ ምክንያት ነው። የስኳር ሕመምተኛ የሚወጋው ኢንሱሊን ፍሪጅ ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ ይበላሻል፣ ኃላፊነቱን አንወስድም ተባለ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት ያልተከፈተው ነው። እሱ ደግሞ ቤት ነው ያለው። ተከፍቶ በሥራ ላይ ያለው፣ ብዙው ዓይነት፣ ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ፀሐይ ላይ ካላሰጣችሁት በቀር አዲስ አበባ ምን ይሆናል? ደግሞስ ፍሪጅ ቢያስፈልግ፣ የካፌያችሁ ፍሪጅ ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ሲያቀዘቅዝ ይውል የለ እንዴ?

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ክልከላው መድኃኒቱን ከግቢ አያስወጣውም። ይደብቀዋል እንጂ። ወላጅ ክኒኑን ከነማሸጊያው ቢልክ በር ላይ ይያዛል። ስለዚህ አንዷን ፍሬ በሶፍት ጠቅልሎ እርሳስ መያዣው ውስጥ ይከታታል። «ከምሳ በኋላ ዋጣት፣ ለማንም እንዳትናገር» ይለዋል። ስም የላት፣ መጠን የላት። የ8 ዓመት ልጅ የራሱ ነርስ ሆነ ማለት ነው። ቢረሳት ማንም አያውቅም። ጓደኛው ከረሜላ መስሏት ብትወስድበትም ማንም አያውቅም። ሽሮፕ ከሆነማ ጉድ ነው፤ በውኃ ኮዳ ተገልብጦ ይመጣል፣ መጠኑም አንድ ጉንጭ ይሆናል። ልጁ ክፍል ውስጥ ቢወድቅና ሐኪም «ምን ወስዶ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ መምህሯ ምን ልትል ነው? «እኛ ጋ መድኃኒት ክልክል ነው» ትበል?

አስም ያለባት ልጅ ደግሞ ሳልቡታሞሏን፣ ያንን ትንፋሽ ሲያጥራት በአፍ የምትስበውን መድኃኒት፣ በር ላይ ትቀማለች። አስም ሲነሳ እናት ከመርካቶ እስክትደርስ አይጠብቅም። እንዲያውም እሱ ተቆልፎበት የሚቀመጥ መድኃኒት አይደለም፤ ከልጅቷ እጅ መራቅ የለበትም። እንግሊዝ ውስጥ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ለድንገተኛ ጊዜ ገዝተው እንዲያስቀምጡ ተፈቅዶላቸዋል። እኛ ልጅቷ ይዛ የመጣችውን እንነጥቃለን!

«ሠራተኛው ቢሳሳትስ?» ይሉናል። ይሳሳታል እንጂ። ለዚህ እኮ ነው መድኃኒቱ የልጁ ስም በተጻፈበት በራሱ ማሸጊያ የሚመጣው። የሐኪም ወረቀት፣ የወላጅ ፊርማ፣ የሚቆለፍ ሳጥን፣ ማን መቼ ምን ያህል እንደሰጠ የሚጻፍበት ደብተር፣ ነርሷ ስትቀር የሚተካት የሠለጠነ ሰው። ይኸው ነው። ይህ ከባድ ከሆነባችሁ የልጆቹን ፈተና እንዴት ነው የምታርሙት?

ደግሞ ሌላም ነገር አለ። የዚያው ትምህርት ቤት ክሊኒክ ራሱን ያመመውንም ሆዱን የቆረጠውንም ፓራሲታሞል ሰጥቶ ነው የሚሸኘው። ማንም ሳያዝ የሚያድል ክሊኒክ ሐኪም ያዘዘውን ሲከለክል ምን ይባላል?

አንድ ነገር እቀበላለሁ። በቀን ሁለቴ የሚወሰድ መድኃኒት ጠዋትና ማታ ቤት ይሰጥ። ሦስቴ የሆነውንም ሰዓቱ ይስተካከል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ የወላጅ ፋንታ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ልጅ ግን የደም ስኳሩ ከ70 (mg/dL) ሲወርድ ደወል አይጠብቅም። ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይነጫነጫል። ያኔ በደቂቃዎች ውስጥ ጣፋጭ ነገር የሚሰጠው ሰው ያስፈልገዋል፤ «ረበሸ» ብሎ ከክፍል የሚያስወጣው አይደለም።

በየዓመቱ በሚጨምረው ክፍያ ዝርዝር ላይ «ክሊኒክ» የምትል መስመር አለች። ወይ ክሊኒኩ ሥራውን ይሥራ፣ ወይ ገንዘቡ ይመለስ።